ሙዚቃ በሊኑክስ ገዝቶ ማውረድ፦ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ዊንዶውስም ማክም የሌለው ሰው ሙዚቃ በሕጋዊ መንገድ ልግዛ ሲል በሩ ሁሉ የተዘጋ ይመስለዋል። አልተዘጋም። የሚያስፈልገው ብራውዘር፣ የሚሰራ ካርድና ዲስክ ላይ ባዶ ቦታ ነው። ጣጣው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሊኑክስ ወይም ከቢኤስዲ (ሁለቱም በዊንዶውስና በማክ ፈንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫኑ ሥርዓቶች ናቸው) ሳይሆን ከመደብሩ ነው። ስለዚህ ሳትከፍሉ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ መደብሩ ፋይሉን በብራውዘር ይሰጣል ወይስ የራሱን ፕሮግራም ካልጫናችሁ ይላል? ይህን የሚነግራችሁ ብዙውን ጊዜ የመደብሩ የእገዛ ገጽ ነው። የሚሸጥበት ገጽ ላይ አትፈልጉት፣ አታገኙትም። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«መጀመሪያ ፕሮግራማችንን ጫኑ» ይላል

አልበሙን መርጣችሁ ልትከፍሉ ስትሉ፣ ይባስ ብሎም ከከፈላችሁ በኋላ፣ ለዊንዶውስና ለማክ ብቻ የተሰራ ፕሮግራም ይቀርብላችኋል።

ይህ የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም፣ የንግድ ውሳኔ ነው። የአፕል የሙዚቃ መደብር አይቲዩንስ ስቶር በ2003 ለማክ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ለዊንዶውስ ተጨመረ፤ ለሊኑክስ ግን እስካሁን አልመጣም። አማዞን በአንድ ወቅት ለሊኑክስ የሚሆን ማውረጃ ነበረው፣ በኋላ ተወው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ስርጭትም (ተዘጋጅቶ የሚቀርብ የሊኑክስ ዓይነት) በ2010 ሪዝምቦክስ በሚባለው ማጫወቻ ውስጥ የገባ የራሱ የሙዚቃ መደብር ነበረው፤ በ2014 ተዘጋ። ለእኛ ተብሎ የተሰራ ፕሮግራም እንኳ ዕድሜው ይህን ያህል ነው። ብራውዘር ግን የትም አይሄድም።

መፍትሄው ገጹን ረጋ ብሎ ማንበብ ነው። ከትልቁና ከደማቁ ቁልፍ ሥር፣ በትንሽ ፊደል፣ «ፋይሎቹን በቀጥታ አውርድ» የሚል መስመር አንዳንዴ ይኖራል። ሙሉ አልበሙን በአንዴ ባይሰጥም ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ሊሰጥ ይችላል። ያሰለቻል፣ ግን ይሰራል። ምንም ከሌለ መደብር ቀይሩ። ባንድካምፕ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተሰራ ይመስላል፦ ከከፈላችሁ በኋላ ኤምፒ3፣ ፍላክ (የድምፁን ጥራት ሳይቀንስ የሚያምቅ)፣ ኦግ ቮርቢስ፣ ዋቭና ሌሎች የድምፅ ፋይል ዓይነቶችም ተደርድረው ይጠብቋችኋል፤ መርጣችሁ አልበሙን በአንድ ዚፕ ታወርዳላችሁ። ምን ዓይነት ኮምፒውተር እንዳላችሁ የሚጠይቅ የለም።

አይቲዩንስን በዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው) ማስነሳትስ? የሞከሩ አሉ። እኔ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው የምለው። ዛሬ ቢነሳ ነገ ማሻሻያ ይመጣና ይሞታል፣ ያኔ የከፈላችሁበት ዘፈን መሃል ላይ ይንጠለጠላል።

ክፍያው አያልፍም

የካርድ ቁጥር አስገባችሁ፣ ቁልፉን ተጫናችሁ፣ ገጹ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ምንም። ወይም ነጭ ባዶ ሳጥን ይመጣል። ሊኑክስን የሚመርጥ ሰው ብራውዘሩንም ማጠር ስለሚወድ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ አጥር ነው። የባንኩ ማረጋገጫ የሚመጣው ከሌላ ድረ ገጽ ነው። ማስታወቂያ ማገጃው ወይም ስክሪፕት ማገጃው ሲከለክለው ሳጥኑ ባዶ ይቀራል። ያላችሁበትን አገር የሚደብቀው ቪፒኤን ወይም ቶር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ መደብሩ ካርዱ ከአንድ አገር፣ ሰውየው ከሌላ አገር ሆኖ ያየዋል፤ ሌባ መስሎት ይዘጋል።

ማገጃውን በሙሉ አትንቀሉት። ፋየርፎክስ ላይ ለግዢ ብቻ የሚሆን ሌላ ፕሮፋይል ክፈቱ፣ ምንም አትጨምሩበት፣ ቪፒኤኑን አጥፉና በዚያ ክፈሉ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ገጹ ሲቆም ቁልፉን ደጋግማችሁ አትጫኑ። መጀመሪያ ኢሜይላችሁንና የባንኩን መልእክት እዩ። ሁለት ጊዜ የተቆረጠ ገንዘብ ማስመለስ ከዘፈኑ በላይ ይደክማል።

«በእርስዎ አገር አይገኝም» ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሙዚቃ መብት የሚሸጠው በየአገሩ ነውና ብራውዘር ቢቀየር፣ ማገጃ ቢነሳ ለውጥ የለውም። ዘፋኙ ወይም አሳታሚው በራሱ ገጽ ይሸጥ እንደሆነ ፈልጉ።

ወረደ፣ ግን አይከፈትም

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ሰው በጣም የሚናደደው እዚህ ነው። ፋይሉ ስሙ በ«ፍላክ» ያልቃል፣ ማጫወቻው ግን «አላውቀውም» ይላል። መጀመሪያ መጠኑን እዩ። አንድ የፍላክ ዘፈን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ሜጋባይት ይሆናል። የእናንተ 12 ኪሎባይት ከሆነ የወረደው ዘፈን አይደለም። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «ፋይል» (file) የሚለውን ትእዛዝ ስጡት፤ ስሙ ምንም ይበል፣ ውስጡን አይቶ ምንነቱን ይነግራችኋል። «ኤችቲኤምኤል» (የድረ ገጽ ፋይል) ካለ ያወረዳችሁት የመግቢያ ገጹን ነው።

ይህ የሚሆነው ሊንኩን ከብራውዘር ቀድታችሁ ከተርሚናል ፋይል ለሚያወርዱት ለዊጌት ወይም ለከርል ስትሰጡ ነው። በብራውዘሩ መደብሩ ውስጥ ገብታችኋል፤ ዊጌት ግን አልገባም። መደብሩ የማያውቀው እንግዳ መጣ ብሎ የመግቢያ ገጹን ይሰጠዋል፣ ዊጌትም ዝም ብሎ በዘፈኑ ስም ያስቀምጠዋል። መፍትሄው በብራውዘሩ ማውረድ፣ ካልሆነም የገባችሁበትን ኩኪ (መደብሩ እናንተን የሚያውቅበትን ምልክት) አብሮ መስጠት ነው።

መጠኑ ትልቅ ሆኖ ዚፑ «ተበላሽቷል» የሚል ከሆነ ግን መሃል ላይ ተቋርጧል። ብዙ የማውረጃ ሊንኮች የሚሰሩት ለተወሰነ ጊዜ ነው። ኔትወርኩ ዘግይቶ አልበሙ ሳያልቅ ጊዜው ሲያልፍ «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ አይረዳም። ወደ ግዢ ዝርዝራችሁ ተመለሱና አዲስ ሊንክ አውጡ። ደግማችሁ አትግዙ።

ዚፑን ከፈታችሁ በኋላ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ፍላክ እዚህ ጋ ይመቻል። እያንዳንዱ የፍላክ ፋይል የድምፁን መለያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ይዞ ይመጣል። የፍላክ ፕሮግራሙን በመፈተሻ አማራጩ ስታስነሱት ድምፁን ሙሉ ፈቶ ከቁጥሩ ጋር ያመሳክራል። አንዲት ቢት ብትጎድል ይናገራል። ኤምፒ3 ላይ ይህን ያህል እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ብራውዘሩ ውጫዊ ዲስክ ላይ አያስቀምጥም

ከኡቡንቱ 22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስ የሚመጣው በስናፕ ነው። ስናፕና ፍላትፓክ የሚባሉት የፕሮግራም መጫኛ መንገዶች ፕሮግራሞችን በአጥር ያስቀምጣሉ፤ ስለዚህ ፕሮግራሞቹ ውጫዊ ዲስካችሁን ላያዩት ይችላሉ። የሙዚቃ ማጫወቻውም በፍላትፓክ ከተጫነ ፎልደሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ «ምንም ዘፈን የለም» ሊላችሁ ይችላል። ለፍላትፓክ ፍላትሲል የሚባለውን ጫኑና ፎልደሩን ፍቀዱለት። ለስናፕ ከቅንብሮች (ሴቲንግስ) ውስጥ ለፕሮግራሙ የተነቃይ ዲስክ ፈቃዱን ክፈቱ። ካልፈለጋችሁ መጀመሪያ ቤት ፎልደራችሁ ውስጥ አውርዱና በኋላ አዛውሩት።

«ስሙ በጣም ረጅም ነው»

ይህችኛዋ በግዕዝ ፊደል ለምንጽፍ ሰዎች የተቀመጠች ወጥመድ ናት። በሊኑክስ የተለመደው ኤክስት4 (ዲስክ ላይ ፋይል የሚደራጅበት ሥርዓት) አንድን የፋይል ስም እስከ 255 ባይት ብቻ ነው የሚቀበለው። ፊደል በኮምፒውተር በሚጻፍበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ እኛ የሚደርሰን 85 ፊደል ነው። የዘፋኙ ስም፣ የአልበሙ ስም፣ የዘፈኑ ቁጥርና ርእስ በአንድ ላይ ሲሰለፉ 85 ሩቅ አይደለም። ዚፑ ሌሎቹን ፈቶ አንዱን ዘፈን ብቻ ይተዋል፣ እናንተም መደብሩን ትረግማላችሁ።

የቀረውን ዘፈን ለብቻው አውርዱና ስታስቀምጡ አጭር ስም ስጡት። ሙሉ ርእሱ አይጠፋም፤ ማጫወቻው የሚያነበው ፋይሉ ውስጥ ያለውን ታግ (የዘፈኑንና የዘፋኙን ስም የያዘ መረጃ) ነው። ታጉን በፒካርድ ወይም በኪድ3 ማስተካከል ይቻላል። ስሞቹ ሲፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ከሆኑ ደግሞ ዚፑን በኡናር ፍቱት፤ የፊደሉን ዓይነት ራሱ ይገምታል። ፍላሽ ላይ ስትገለብጡ አንዳንዱ ዘፈን እምቢ ካለ በርእሱ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ወይም የላቲን ባለ ሁለት ነጥብ ይኖራል። ፍላሽ ላይ የተለመደው የፋይል ሥርዓት ፋት32 እነዚህን አይቀበልም። ፒካርድ ውስጥ ስሞችን ለዊንዶውስ የሚስማሙ የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ እሱን አብሩት።

ይከፈታል፣ ድምፅ የለውም

ኤምፒ3 ላይ ይህ ችግር ከሞላ ጎደል አልቋል። የባለቤትነት መብት (ፓተንት) ፈቃድ መሸጡ በ2017 ካበቃ ወዲህ የሊኑክስ ስርጭቶች ያለ ስጋት አብረው ያቀርቡታል። የሚያስቸግረው ኤኤሲ ነው፣ ማለትም በኤም4ኤ የሚያልቀው ፋይል። አንዳንድ ስርጭት ኮዴኩን (ድምፁን የሚፈታውን ክፍል) አብሮ አይሰጥም። ኡቡንቱ ላይ የተከለከሉ ተጨማሪዎች (ubuntu-restricted-extras) የሚባለውን ጥቅል፣ ፌዶራ በሚባለው ስርጭት ላይ አርፒኤም ፊውዥን የሚባለውን የፕሮግራም ማከማቻ ጨምሩ።

መጨረሻው ኤም4ፒ ከሆነ ግን አትድከሙ። እሱ አፕል በዲአርኤም (በቅጂ መከላከያ) የቆለፈው የድሮ ፋይል ነው። አፕል ከ2009 ጀምሮ ዘፈን ሳይቆልፍ ስለሚሸጥ አዲስ ግዢ ላይ አይገጥማችሁም። መቆለፊያውን መስበር በብዙ አገር በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ያንን ዘፈን ከሌላ መደብር መግዛቱ ይቀላል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ምርጫ ባለበት ሁሉ ፍላክ ውሰዱ። ከእሱ ለስልክ የሚሆን ኤምፒ3 ወይም ኦፐስ መቼም ማውጣት ይቻላል፤ ከኤምፒ3 ወደ ኋላ መመለስ ግን የለም። ከሲዲ በላይ ለሆነ ጥራት፣ ለ24 ቢትና ለ192 ኪሎኸርዝ፣ ተጨማሪ መክፈሉ ግን ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ አይታየኝም።

የገዛሁት ከዝርዝሬ ጠፋ

መደብሩ ተዘግቶ ወይም መብቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ጉግል ፕሌይ ሙዚክ ኤምፒ3 ይሸጥ ነበር፤ በ2020 መጨረሻ ተዘጋ፣ በየካቲት 2021 ደግሞ የቀረው ሁሉ ተሰረዘ። በጊዜው ያላወረደ ወይም ወደ ዩቲዩብ ሙዚክ ያላዛወረ ሰው የከፈለበትን አጣ።

ስለዚህ በገዛችሁበት ቀን አውርዱ፣ በሌላ ዲስክ ላይም አንድ ቅጂ አኑሩ። ደረሰኙን በፒዲኤፍ አውጡና ከዘፈኖቹ ጋር እዚያው ፎልደር ውስጥ ክተቱት። ሙዚቃውን ለሌላ ሰው ከመገልበጣችሁ በፊት ደግሞ ታጎቹን እዩ፦ አይቲዩንስ የገዢውን ስምና ኢሜይል ፋይሉ ውስጥ ይጽፍ እንደነበር በ2007 ታውቋል።