ትሪ ሉሰርን በደሴ ጓሮ፦ ከጠንካራው ዘር እስከ አረንጓዴው አጥር

ጥር ላይ ደሴ ውስጥ የከብት መኖ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። ሣሩ ደርቋል። የአንድ ሸክም ገለባ ዋጋ ያስደነግጣል። በዚያ ወቅት ከሰፈራችን የጎረቤታችን የሀጂ አጥር ብቻ አረንጓዴ ነበር፤ ያውም ነጭ አበባ ተሸክሞ፣ ንብ እየተመላለሰበት። ላማቸውና ሁለቱ በጎቻቸው ቅጠሉን ከዚያው ከአጥሩ እየታጨደላቸው ይበሉ ነበር። ተክሉ ትሪ ሉሰርን ይባላል። ዘሩን የሰጡኝም ሀጂ ናቸው። ዛሬ የእኔም አጥር አረንጓዴ ነው፤ እዚህ ለመድረስ ግን ሁለት ዓመት በከንቱ አልፎብኛል። የእናንተ እንዳያልፍ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ትሪ ሉሰርን አልፋልፋ አይደለም። አልፋልፋ መሬት ላይ የሚበቅል፣ እንደ ሣር የሚታጨድ ተክል ነው። ትሪ ሉሰርን ግን ካልተቆረጠ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። የሚዛመዱት ሁለቱም እንደ ባቄላና አተር የጥራጥሬ ወገን በመሆናቸው ነው። ዘር ስትጠይቁ ይህን ካልለያችሁ ሌላ ነገር ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

የትውልድ አገሩ የካናሪ ደሴቶች ናቸው፣ በተለይ ላ ፓልማ የምትባለው ደሴት። ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረች፣ ገደላማ አገር ናት። አፈሩ ውሃ አይዝም፤ ቶሎ ያሳልፋል። ይህን አስታውሱት፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለደሴ ይስማማል፣ ለኮምቦልቻ ግን…

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ናት። ትሪ ሉሰርን ደግሞ ደጋ ይወዳል፤ ብርድም ይችላል። ቦሩ ሜዳና ኩታበር አካባቢ ላለ ሰውም ይሆናል። ውርጭ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ ብቻ ችግኙን የመጀመሪያው በጋ ላይ ሌሊት ሌሊት በሣር ሸፈን አድርጉት።

ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው የሚያገኟት፣ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። እዚያ ለምትኖሩ የእኔ ምክር የእርግብ አተር ነው። እሱም ድርቅ ይችላል፣ ቢጫ አበባው ያምራል፣ ፍሬውንም ሰው ይበላዋል። ዘሩ እንደ ትሪ ሉሰርን የፈላ ውሃ አይፈልግም፤ ዝናብ ሲጀምር በቀጥታ መሬት ላይ ይዘራል። ዕድሜው ግን አጭር ነው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይደክማል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ስለ ትሪ ሉሰርን ነው።

ዘሩን መቀስቀስ

አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ዘሩ ትንሽ፣ ጥቁርና አብረቅራቂ ነው። ቆዳው እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ውሃ አያስገባም። በደረቁ ከዘራችሁት አፈር ውስጥ ወራት ይተኛል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት 100 ዘር በደረቁ ዘርቼ የበቀሉት 7 ብቻ ነበሩ። ዘሩ የሞተ መስሎኝ ለሀጂ ነገርኳቸው።

“አልሞተም ልጄ፣ ተኝቶ ነው። የፈላ ውሃ ነው የሚቀሰቅሰው” አሉኝ።

በሁለተኛው ዓመት ዘሩን ድስት ውስጥ ጨምሬ ከሰል ላይ ጣድኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈላ። ከዚያ ዘራሁት። አንድም አልበቀለም። ሁሉም በስሎ ነበር። ተመልሼ ስሄድ ሀጂ በጣም አዘኑ። “ውሃውን አፍልተሽ አውርጂው ማለቴ ነበር፤ ዘሩን ቀቅዪው አላልኩሽም” አሉና ሦስተኛውን ዙር እሳቸው ቆመው አሠሩኝ።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ውሃውን ብቻውን አፍሉት። ሲንተከተክ ከእሳት አውርዱት። ዘሩን ሰፋ ባለ ዕቃ አድርጉና ውሃውን አፍስሱበት፤ ውሃው ከዘሩ መጠን 10 እጥፍ ያህል ይሁን። ትንሽ ውሃ ከሆነ ቶሎ ይበርድና ቆዳውን አያላላውም። ከዚያ አትንኩት። እዚያው እየቀዘቀዘ ይደር።

ጠዋት ስታዩት ዘሩ በሁለት ይከፈላል። አንዱ አብጦ፣ ብርሃኑን አጥቶ፣ ከትናንቱ እጥፍ የሆነ ይመስላል። ያ ነቅቷል። ሌላው እንደነበረው ትንሽና አብረቅራቂ ነው። ያ ገና ተኝቷል። ያበጠውን ለዩትና በዚያው ቀን ዝሩት፤ ከደረቀ ይበላሻል። ያላበጠውን በሌላ የፈላ ውሃ ድገሙት።

ዘራችሁ ጥቂት ከሆነ፣ ለምሳሌ 20 ወይም 30 ፍሬ፣ እኔ ሙቅ ውሃውን ትቼ የጥፍር መቁረጫ ነው የምጠቀመው። የዘሩን ዓይን ትታችሁ በተቃራኒው ጎን ቆዳውን ብቻ በትንሹ ቆረጥ አድርጉ። ውስጡ ነጣ ብሎ ሲታይ በቂ ነው። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይደር። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግም ይቻላል፤ ግን እጅ ያደክማል፣ ዘሩም እኩል አይፈገፈግም። አልወደድኩትም።

ችግኝ ማፍላት

የሚዘራው መጋቢት ላይ ነው። ክረምቱ ሲገባ ችግኙ ለተከላ ይደርሳል። አፈሩን ሁለት እጅ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ አድርጉ። በየፕላስቲኩ ሁለት ሁለት ዘር አስገቡ፤ ጥልቀቱ 1 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ሁለቱም ከበቀሉ ደካማውን ንቀሉ።

ችግኝ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበት ረጅሙ ጥቁር ፕላስቲክ ከሁሉ ይሻላል። እሱ ከሌለ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አንገቱን ቆርጣችሁ ከታች ብሱት። አጭር ጣሳ ግን አልመክርም። ይህ ተክል ድርቅ የሚችለው ዋና ሥሩ ቀጥ ብሎ በጣም ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። ሥሩ በሕፃንነቱ ጣሳ ውስጥ ከተጠመጠመ በኋላም አይስተካከልም። ላዩ ለምልሞ በሁለተኛው በጋ ድንገት የሚደርቅ ችግኝ ካያችሁ ነቅላችሁ ሥሩን እዩት፣ እንደ ቀለበት ዞሮ ታገኙታላችሁ።

አንድ ነገር አትርሱ። የቆየ ትሪ ሉሰርን ካለበት ሥር ሁለት ሦስት እፍኝ አፈር ለምናችሁ አምጡና ከአፈራችሁ ጋር ቀላቅሉት። በዚያ አፈር ውስጥ የተክሉን ሥር የሚላመዱ፣ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው የሚሰጡት ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ። መሥራታቸውን ማየት ትችላላችሁ። ችግኙ ሥር ላይ እንደ ዶቃ ያሉ እባጮች ይወጣሉ። አንዱን በጥፍራችሁ ስትከፍቱት ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠሩ ነው። እኔ ይህን ካየሁ በኋላ ዩሪያ ገዝቼ አላውቅም።

ተከላ፣ እና ነሐሴ

ጉድጓዱ ቀድሞ ይቆፈር፤ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ለአጥር በችግኝና በችግኝ መሀል ከግማሽ እስከ 1 ሜትር፣ ለብቻው ዛፍ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ግን ከ2 ሜትር በላይ ተዉ። ፕላስቲኩን ቀድዳችሁ አውጡት። ይህን መናገር የማያስፈልግ ይመስላል፤ ግን በዘመቻ ተከላ ላይ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ብዙ ችግኝ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ላ ፓልማ አፈር ልመለስ። ተክሉ ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ ቁልቁለት ላይ የለመደ ነው። የደሴ ክረምት ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ መሬቱን ያጥለቀልቀዋል። እኔ ቦታ የመረጥኩት “ውሃ የማያጣበት” ብዬ ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ የጣሪያው ውሃ የሚወርድበት፣ ዝቅ ያለ፣ ጥቁር አፈር። 11 ችግኝ ተከልኩ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ያምሩ ነበር። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ። ውሃ የጠማቸው ይመስል ጠወለጉ። ስነቅላቸው ሥራቸው ጠቁሮ፣ በስብሶ፣ ቆዳው በእጄ ተገፈፈ። ከ11ዱ 9ኙ ሞቱ። ሁለት ዓመት ደክሜ ያበቀልኩት ዘር ነበርና በጣም አመመኝ።

ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ እንዲህ ፈትኑት። ሰኔ መጨረሻ ላይ ጉድጓዱን ቆፍራችሁ አንድ ባልዲ ውሃ ሙሉበት። በሰዓታት ውስጥ ከሰረገ ጥሩ ነው። በማግስቱም ውሃው ከተኛ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ሌላ ቦታ ከሌላችሁ ደግሞ ጉድጓዱን ትታችሁ ከመሬት በላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ መደብ ሥሩና መደቡ አናት ላይ ትከሉ፤ በጎኑ ቦይ አውጡ። የጦሳ ተራራን ግርጌ ይዘው ለሚኖሩ ሰዎች ይህ ችግር አይደለም። ድንጋያማው ተዳፋት፣ ለጎመን የማይሆነው መሬት፣ ለዚህ ተክል እንዲያውም የተመቸ ነው።

የመጀመሪያው በጋ

ፍየልና በግ ይህን ቅጠል ከሩቅ ያሸቱታል። አጥሩ እስኪያድግ ድረስ አጥሩ ራሱ አጥር ይፈልጋል። የእሾህ አጥር እዚህ ከሽቦ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ርካሽ ነው፣ በግም አይደፍረውም።

ከጥቅምት በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ችግኝ አንድ ጆግ ውሃ ስጡ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ጎጂ ነው፤ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች መውረዱን ትቶ ላይ ላዩን ይቀራል። ደረቅ ሣር ጎዝጉዙለት፣ ግን ግንዱን አይንካ። በልግ ከዘነበ ማጠጣቱን ተዉት። ሁለተኛው በጋ ላይ እኔ ምንም አላጠጣሁም፤ አንድም አልደረቀብኝም።

መቁረጥና መመገብ

አንድ ዓመት ሳይሞላው አትንኩት። ከዚያ በኋላ ከመሬት ወደ 1 ሜትር ትታችሁ ከላይ ያለውን ቁረጡ። በዚያ ከፍታ በብዛት ያቆጠቁጣል። በየ3 ወይም 4 ወሩ መድገም ይቻላል። ሁሉንም ቅጠል ግን በአንድ ቀን አትላጩት፤ ጥቂት ቅርንጫፍ ቅጠሉን እንደያዘ ይቅር።

ገጀራ አልወድም። ግንዱን ይሰነጥቀዋል፣ በስንጥቁም ዝናብ ገብቶ ያበሰብሰዋል። ስለታም መጋዝ ወይም የአትክልት መቀስ ተጠቀሙ። አቆራረጡ ሰያፍ ይሁን፣ ውሃ እንዲንሸራተት።

የተቆረጠውን ወዲያው ለከብት ከመስጠት ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ማጠውለግ ይሻላል። የእኔ ላም እርጥቡን መጀመሪያ አሽትታ ትታው ነበር፤ ሲጠወልግ በላች። ከገለባ ጋር ቀላቅሉት፤ ብቻውን አትስጡ። እኔ ከቀኑ መኖ ሲሶውን ያህል ነው የማደርገው። ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ አካባቢ ፕሮቲን ነው። ገለባ ላይ ይህ በጣም ትንሽ ስለሆነ የሁለቱ መደባለቅ ላሟን በጋ ላይ ይዟት ይቆያል።

ንብ ላላችሁ ደግሞ፣ ከአጥሩ ጥቂቱን ሳትቆርጡ ለአበባ ተዉት። አበባ የሚወጣው ከተተወው ላይ ነው።

ዘርም ከዚያው ይገኛል። ዘሩን የያዘው ቆባ ሲጠቁር ቶሎ ድረሱበት። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው ጧ ጧ እያለ ይፈነዳል፤ ዘሩ ይበተናል፣ መልቀምም አይቻልም። ስለዚህ ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ቆባውን ልቀሙትና አንሶላ ላይ አስጡት፤ በሌላ ጨርቅም ሸፍኑት። እዚያው ይፈነዳል። ያንን ዘር በደረቅ ጠርሙስ ከደናችሁ ለዓመታት ይቆያል። እኔ ከመጀመሪያው ለቀማ አንድ ጠርሙስ ሞልቼ ግማሹን ለሀጂ ወሰድኩላቸው። እንደ ልማዳቸው መርቀው ተቀበሉኝና ከሰፈሩ ማን ዘር እንደጠየቃቸው ይነግሩኝ ጀመር።