ያለቀ የሚኒየቸር ቀለም በሌላ ብራንድ እንዴት ይተካል?

ግማሹ የተቀባ የሚኒየቸር (የትንንሽ ምስሎች) ሠራዊት ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ሳለ ዋናው ቀለም ሲያልቅ፣ ይባስ ብሎም አምራቹ ቀለሙን መሥራት ሲያቆም፣ ብዙ ሰው ወዲያው የሚፈልገው ተቀራራቢ ስም ያለው ብልቃጥ ነው። ስም ግን አያዋጣም። የሚኒየቸር ቀለም ብራንድ የሆነው ሲታደል በ2012 እ.ኤ.አ. የቀለሞቹን ዝርዝር እንደ አዲስ ሲያወጣ አብዛኞቹን ስሞች ቀይሯል፤ ብሊችድ ቦን የሚባለውን የአጥንት ቀለም ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎችም ኡሻብቲ ቦን ወደሚባለው ተሸጋግረዋል። ሁለቱ ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በአንድ ኩባንያ ውስጥ እንዲህ ከሆነ በሁለት ኩባንያዎች መካከል ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ምትክ ስትፈልጉ ከሁሉ አስቀድሞ መግጠም ያለበት የቀለሙ ጥቁረትና ንጣት ነው ብዬ አምናለሁ። ሰማያዊው ጥቂት ወደ አረንጓዴ ቢያደላ አንድ ወታደር ከጓዶቹ ተለይቶ አይታይም። ከሌሎቹ ፈካ ወይም ጠቆር ካለ ግን ክፍሉን አቋርጦ የመጣ እንግዳ ሳይቀር ይለየዋል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ በዚህ ቅደም ተከተል የተቃኘ ነው።

1. ቀለሙ ምን ይሠራ እንደነበር ለዩ

መልካቸው አንድ የሚመስል ሁለት ቀይ ቀለሞች ቢኖሩ፣ አንደኛው ከሥሩ ያለውን በአንድ ሁለት ቅብ የሚሸፍን፣ ሌላኛው ግን የታችኛውን አሳልፎ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። ሲታደል ልዩነቱን በስያሜው ይነግራችኋል፤ ቤዝ ለመሸፈን፣ ሌየር በዚያ ላይ ለማፍካት፣ ሼድ ደግሞ ወደ ስንጥቁና ወደ እጥፋቱ ወርዶ ጥላ ለመስጠት ነው። በ2019 የመጣው ኮንትራስት በፈካ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት በሚቀባው መነሻ ቅብ) ላይ በአንድ ቅብ ጥላውንም ብርሃኑንም እንዲያወጣ ተብሎ የተሠራ ነው። ኮንትራስትን በተራ አክሪሊክ (በውኃ በሚቀጥነው የተለመደ ቀለም) ልተካ ብትሉ መልኩ ቢገጥም እንኳ ሥራው አይገጥምም፤ ምትኩን በዚያው መንገድ ከሚሠሩት፣ ለምሳሌ ከአርሚ ፔይንተር ስፒድፔይንት ውስጥ ፈልጉ። በሼድ ነገሩ ይቀላል። ከሲታደል ሼዶች ነልን ኦይል ላለቀበት የአርሚ ፔይንተር ዳርክ ቶን፣ አግራክስ ኧርዝሼድ ላለቀበት ስትሮንግ ቶን የታወቁ ምትኮች ናቸው።

2. ሁለት ሦስት ዕጩ ያዙ

የአንዱን ብራንድ ቀለም ከሌላው አቻ ጋር የሚያስተያዩ ሠንጠረዦች ሞልተዋል። ዕጩ ለመምረጥ ተጠቀሙባቸው፤ የመጨረሻውን ፍርድ ግን አትስጧቸው። ስክሪን ላይ ያለው ባለ ቀለም ሳጥን የደረቀ ቀለም አይደለም፤ ያው ሳጥን በአንዱ ስልክና በሌላው የተለያየ ሆኖ ይታያል።

ከስሙ ይልቅ ቁጥሩን መያዝ ይጠቅማል። ቫሌሆ በሚባለው ብራንድ ላይ በ70 የሚጀምረው ሞዴል ከለር፣ በ71 የሚጀምረው ለኤርብራሽ (ቀለም በአየር ለሚረጭ መሣሪያ) የተዘጋጀው ሞዴል ኤር፣ በ72 የሚጀምረው ጌም ከለር ነው፤ ተመሳሳይ ስም በሁለት መሥመሮች ብታገኙ አንድ ቀለም ነው ብላችሁ አትውሰዱት። የምትቀቡት የታሪክ ወታደር ወይም ተሽከርካሪ ከሆነ ደግሞ ከድሮው ብልቃጥ የተሻለ ዳኛ አላችሁ፤ ለምሳሌ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ታንኮች ጥቁር ግራጫ ራል በሚባለው የጀርመን የቀለም መለያ 7021 የሚል የደረጃ ቁጥር አለው። በአሜሪካው የቀለም ደረጃ፣ በፌደራል ስታንዳርድ 595፣ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥሮች ውስጥ የመጀመሪያው አሃዝ ስለ አንጸባራቂነቱ ነው፤ 1 የሚያብለጨልጭ፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ማት (የማያብለጨልጭ) ማለት ነው። ስለዚህ በ1 እና በ3 የሚጀምሩ ቁጥሮች ቀሪ አራት አሃዛቸው አንድ ከሆነ የቀለሙ መልክ ያው ነው።

3. ናሙና ቀቡ

ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩሉ። ወፍራም ነጭ ካርቶን ወይም ስስ ፕላስቲክ ወስዳችሁ ምስሎቹ ላይ የተጠቀማችሁበትን ያንኑ ፕራይመር ቀቡት። በነጭ ፕራይመር ላይ የተሞከረ ቢጫ በጥቁር ላይ ሌላ ቀለም ነው። ፕራይመሩ ሲደርቅ መሐል ለመሐል በማይለቅ ማርከር መሥመር አስምሩ፤ መሥመሩ የቀለሙን የመሸፈን አቅም ይለካላችኋል። ፕራይመሩ ጥቁር ከሆነ መሥመሩን በነጭ ቀለም አስምሩት።

ብልቃጦቹን በደንብ ናጡ። ፒግመንት (ለቀለሙ መልኩን የሚሰጠው ዱቄት) ይዘቅጣል፤ ሳይናጥ የተቀዳ ጠብታ ስለቀለሙ የሚነግራችሁ ሐሰት ነው። ከድሮው ቀለም ከብልቃጡ ግድግዳ የተፋቀም ቢሆን ጥቂት ካገኛችሁ ከዕጩዎቹ ጎን ቀቡት፤ ጨርሶ ከሌለ የተቀባው ምስል ራሱ ማስተያያ ይሆናል። እያንዳንዱን ቀለም ሁለት ስስ ቅብ ቀብታችሁ ተዉት። እርጥብ ቀለም ላይ አትፍረዱ፤ አክሪሊክን የሚያያይዘው ሙጫ እርጥብ ሳለ ወተት መሳይ ነው፣ ሲደርቅ ግን ስለሚጠራ ቀለሙ ጠቆር ይላል። በኋላ የምትጠቀሙበትን ቫርኒሽም (የመጨረሻውን መከላከያ ሽፋን) ቀቡበት። የሚያብለጨልጭ ጥቁርና ማት ጥቁር ጎን ለጎን ሲሆኑ ሁለት የተለያዩ ቀለሞች ይመስላሉ፤ ቫርኒሹ ይህን ልዩነት ያጠፋዋል።

ከዚያ ናሙናውን ቀለሙ እስከ ጠርዙ እንዲደርስ አድርጋችሁ ቁረጡትና ከሚተካው ቀለም ጋር አነካኩት። በመካከላቸው ቀጭን ነጭ ክፍተት ከቀረ ዓይን ይታለላል። ግራጫ ወረቀት ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስታችሁ በዚያ ውስጥ ብቻ ብታዩ ደግሞ በአካባቢው ያሉት ቀለሞች አይረብሿችሁም። ቀጥተኛ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ እዩት፤ ቀጥሎ በምትቀቡበት አምፖል ሥር እዩት። በተለያየ ፒግመንት የተሠሩ ሁለት ቀለሞች በአንዱ ብርሃን ፍጹም ገጥመው በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ።

ጥቁረቱን ለመለካት ሁለቱን በአንድ ፎቶ አንስታችሁ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ድንበራቸው ከጠፋ ዋናው ነገር ገጥሟል። ሁለቱም የአንድ ቀለም ቤተሰብ እስከሆኑ ድረስ ይህ ዘዴ ይሠራል።

4. ውስጡን ፈትሹ

ሁለት ጠቆር ያሉ ሰማያዊዎች እንደ ወረዱ ሲቀቡ ሊገጥሙ ይችላሉ። ከእያንዳንዱ አንድ ጠብታ ወስዳችሁ በአምስት ጠብታ ነጭ ስታፈኳቸው ግን አንዱ ወደ ሐምራዊ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ ሲያደላ ታያላችሁ። የመጀመሪያው አልትራማሪን የሚባለው ፒግመንት ያለበት፣ ሁለተኛው ፍታሎ ብሉ የሚባለው ያለበት ሊሆን ይችላል። የሠዓሊ አክሪሊክ ቱቦዎች ላይ እነዚህ ፒቢ29 እና ፒቢ15 ተብለው ይጻፋሉ፤ ከሚኒየቸር ቀለሞች መካከል ደግሞ ኪሜራ በነጠላ ፒግመንት በተሠሩ ቀለሞቹ ይታወቃል። ቀለሙን እያፈካችሁ ለጠርዝና ለእጥፋት የምትጠቀሙበት ከሆነ ይህን ፍተሻ አትዝለሉት። እንደ ወረደ ብቻ የሚቀባ ከሆነ እለፉት።

5. አስተካክሉት

አስቀድማችሁ ጥቁረቱን፣ ቀጥሎ የሚያደላበትን አቅጣጫ፣ በመጨረሻ ድምቀቱን አስተካክሉ። ቢጫን በጥቁር አታጥቁሩ፣ አረንጓዴ ይሆንባችኋል፤ ቡኒ ጨምሩበት። ቀይን በነጭ ካፈካችሁት ሮዝ ይወጣል፤ ብርቱካናማ ወይም የቆዳ ቀለም ይሻለዋል። ከመጠን በላይ የደመቀውን በተቃራኒው ቀለም ጥቂት ነክታችሁ አብርዱት፤ አረንጓዴውን በቀይ፣ ሰማያዊውን በብርቱካናማ። የብልቃጦች አፍ ስለሚለያይ የሁሉንም ጠብታ በአንድ ፒፔት (ማንጠባጠቢያ) ቁጠሩ፤ ለቀሩት ምስሎች ሁሉ የሚበቃውንም በአንድ ጊዜ ደባልቁ።

በውኃ የሚቀጥኑ አክሪሊኮች ብራንዳቸው ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ይዋሃዳሉ። የታሚያ አክሪሊክ ግን አልኮል ያለበት ስለሆነ እንደ ቫሌሆ ካሉት ጋር ሲገናኝ ሊረጋ ይችላል፤ መጀመሪያ ፓሌት (የቀለም መደባለቂያ ገበታ) ላይ በአንድ ጠብታ ሞክሩት።

የብረት መልክ ያላቸው ቀለሞች ላይ ፎቶውም ሠንጠረዡም አይረዳም። ወሳኙ የቅንጣቶቹ መጠን ነው፤ ናሙናውን በእጅ እያዟዟራችሁ ብርሃኑን እንዴት እንደሚመልስ እዩ።

6. አዲሱን ከአሮጌው አዋህዱ

ምትኩ ቢገጥምም ባይገጥምም በተቀባ ሰፊ ገጽ መሐል ላይ መጠገኛ ቅብ አትቀቡ። መጠገኛ ቅቡን ቀበቶ፣ ስፌት ወይም የብረት ጠርዝ ከሌላው ክፍል የሚለየው ቦታ ላይ አቁሙት፣ ወይም ካባውን በሙሉ እንደገና ቀቡት። ትንሽ ልዩነት ከቀረ በአሮጌዎቹም በአዲሶቹም ላይ አንድ ዓይነት ሼድ አሳልፉባቸው፤ ልዩነቱን ከማጥበብ አልፎ ሁሉም በአንድ ቀን የተቀቡ ያስመስላቸዋል። መሠረቱን፣ መካከለኛውንና ፈካ ያለውን ሦስቱንም ከአዲሱ ብራንድ መውሰድም አለ፤ መካከለኛውን ብቻ ከቀየራችሁ ከሁለቱ ጎረቤቶቹ ጋር ላይስማማ ይችላል።

የናሙናው ካርድ ጀርባ ላይ ብራንዱን፣ መሥመሩን፣ ቁጥሩን፣ ፕራይመሩን፣ ቫርኒሹንና የጠብታውን ብዛት ጻፉ። ጥግ ላይ በስታችሁ ከሌሎቹ ካርዶች ጋር በአንድ ቀለበት እሰሩት፤ የሚቀጥለው ብልቃጥ ሲያልቅ ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል።