ዛርማ ስንማር ግሱ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ዛርማ በደቡብ ምዕራብ ኒጀር፣ በኒያሜና በዶሶ አካባቢ የሚነገር ከሶንጋይ ቤተሰብ የሆነ ቋንቋ ነው። ግሱ እንደ አማርኛው አይረባም፤ «ኮይ» (መሄድ) ማንም ሄደ፣ መቼም ሄደ ያው «ኮይ» ነው። አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳተውም በዚህ ቅለት ተዘናግቶ ነው።

ከሁሉም የከፋው ተውላጠ ስሙን መጣል ነው። እኛ «ሄድኩ» ስንል ሂያጁ ማን እንደሆነ ግሱ ራሱ ይናገራል። በዛርማ ግን «አይ ኮይ» (ሄድኩ) ለማለት አስቦ «አይ»ን የጣለ ሰው የተናገረው «ሂድ!» የሚል ትእዛዝ ነው። ታላቅ ሰው ፊት ይህን ማለት ምን እንደሚመስል አስቡት። ስለዚህ «አይ» (እኔ)፣ «ኒ» (አንተ፣ አንቺ)፣ «ኣ» (እሱ፣ እሷ) ከአፋችሁ አይለዩ።

ሌላው፣ ከግሱ በፊት የምትገባውን «ጋ» የአሁን ጊዜ ምልክት ብቻ አድርጎ መያዝ ነው። ዛርማ በዋናነት የሚለየው የተፈጸመውን ካልተፈጸመው ነው። «አይ ጋ ኮይ» ልክ እንደ እኛ «እሄዳለሁ» ልማድንም የወደፊቱንም ይይዛል፤ «ሱባ» (ነገ) ሲጨመር ይለያል። በእንግሊዝኛ በኩል የተማሩ ለትንቢት ጊዜ የተለየ ቃል ሲፈልጉ ይደክማሉ፤ አማርኛችን ግን እዚህ ላይ ያግዘናል፣ እንጠቀምበት። «እየሄድኩ ነው» ለማለት «አይ ጎ ኖ ጋ ኮይ» ነው።

«ና»ን መርሳትም አለ። ተሳቢው እንደ አማርኛው ከግሱ ስለሚቀድም «አይ ሞ ንዋ» ማለት ይቀናናል። ድርጊቱ ከተፈጸመ ግን «አይ ና ሞ ንዋ» (ሩዝ በላሁ) ነው። ካልተፈጸመ ቦታውን «ጋ» ይወስዳል፦ «አይ ጋ ሞ ንዋ»። ሁለቱን አትደርቡ።

በአሉታም እንዲሁ ምልክቱ ይተካል እንጂ አይጨመርም፦ «አይ ማና ኮይ» (አልሄድኩም)፣ «አይ ሲ ኮይ» (አልሄድም)። «ጋ ሲ» ወይም «ማና ና» አይባልም።

«መሄድ እፈልጋለሁ» ደግሞ «አይ ጋ ባ አይ ማ ኮይ» ነው። «ማ» የእኛን «እንድ» ወይም «ል» ቦታ ትይዛለች። ሁለተኛውን «አይ» የሚዘልሉ ብዙ ናቸው፤ ያው የመጀመሪያው ስህተት ነው።