ዳታቤዙ አለ፣ ዩዘሩ አለ፣ ሳይቱ ግን አይከፈትም፦ የሲፓነል የዳታቤዝ ፈቃድ ችግሮችና መፍትሄዎች

ገና ዋዜማ ላይ የአንድ ደንበኛዬን የጫማ መሸጫ ሳይት ከአንድ ሆስቲንግ ወደ ሌላ እያዛወርኩ ነበር። ፋይሎቹ ገብተዋል፣ ዳታቤዙ ኢምፖርት ሆኗል፣ የዳታቤዝ ዩዘር ፈጥሬያለሁ፣ ፓስወርዱንም ኮንፊግ ፋይሉ (ሳይቱ ቅንብሩን የሚያነብበት ፋይል) ላይ ጽፌያለሁ። ሳይቱን ስከፍተው ባዶ ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ፦ «ኤረር ኢስታብሊሺንግ ኤ ዳታቤዝ ኮኔክሽን»። ፓስወርዱን ቀየርኩ፤ ያው። ደግሜ ቀየርኩ፤ ያው። ፒኤችፒማይአድሚን (ዳታቤዙን በብራውዘር የሚያሳየው መሣሪያ) ውስጥ ስገባ ግን ቴብሎቹ ሁሉ ቁጭ ብለዋል፤ ዕቃው፣ ትዕዛዙ፣ ደንበኛው ሁሉም አለ። «እንግዲያ ዳታቤዙ ደህና ነው» ብዬ ፕለጊን ሳጠፋ ሳበራ አመሸሁ። ለካ ዩዘሩን ከዳታቤዙ ጋር አላገናኘሁትም። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ያታለለኝ ፒኤችፒማይአድሚን ነው። ከሲፓነል (ሆስቲንጉን ከምናስተዳድርበት ገጽ) ውስጥ ስትከፍቱት የሚገባው እናንተ በፈጠራችሁት ዩዘር አይደለም። ሲፓነል ራሱ ለዚያች ሰዓት ብቻ ጊዜያዊ ዩዘር ይፈጥራል፤ ያ ዩዘር ደግሞ በአካውንታችሁ ሥር ያሉትን ዳታቤዞች በሙሉ ያያል። ስለዚህ እዚያ ቴብል ማየታችሁ ሳይታችሁ ስለሚጠቀምበት ዩዘር ምንም አያረጋግጥም። ይህን ነገር ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ያን ምሽት በሰዓቱ እተኛ ነበር።

ቀድሞ፦ ቁጥሩን አግኙ

ሳይት መሥሪያው ዎርድፕረስ ትክክለኛውን ኤረር ለጎብኚ አያሳይም፤ ይደብቃል። የሚያስፈልገው ግን ከኋላ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ነው፤ ፓስወርድ ከመቀየራችሁ በፊት እሱን ፈልጉ። በዎርድፕረስ ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ዲበግ የሚለውን ለጊዜው ትሩ አድርጉና ገጹን እንደገና ክፈቱ፤ ወይም ሳይቱ ያለበት ፎልደር ውስጥ ኤረር ሎግ የሚባል ፋይል ካለ የመጨረሻዎቹን መስመሮች እዩ።

እኔ የማምነው ግን ሦስተኛውን መንገድ ነው። አራት መስመር የምትሆን የፒኤችፒ ፋይል እሠራለሁ፤ በማይኤስኪዩኤልአይ ኮኔክት (ከዳታቤዙ ጋር በሚያገናኘው የፒኤችፒ ትእዛዝ) ሆስቱን (የዳታቤዙን ሰርቨር አድራሻ)፣ ዩዘሩን፣ ፓስወርዱንና የዳታቤዙን ስም ከኮንፊግ ፋይሉ ኮፒ አድርጌ አስገባለሁ፤ ከዚያ «ሾው ግራንትስ» የሚለውን ትእዛዝ አስልኬ መልሱን አሳትማለሁ። ይህ በሳይቱ ዩዘር ስለሚገባ አይዋሽም። ወይ የኤረሩን ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ወይ ዩዘሩ ያለውን ፈቃድ አንድ በአንድ ይዘረዝርላችኋል። እንደጨረሳችሁ ፋይሉን አጥፉት፤ ውስጡ ፓስወርድ አለ።

1045፦ «አክሰስ ዲናይድ ፎር ዩዘር»

ዩዘሩ ወይም ፓስወርዱ አልተስማማም ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ማይኤስኪዩኤል፣ ሆን ብሎ አይናገርም። የመልእክቱን መጨረሻ ግን አንብቡ፦ «ዩዚንግ ፓስወርድ» ካለ በኋላ «ኖ» ከሆነ ፕሮግራሙ ፓስወርድ ጭራሽ አልላከም። ያን ጊዜ ፓስወርድ መቀየር ትርጉም የለውም፤ ኮንፊግ ፋይሉ አልተነበበም፣ ወይም ቦታው ባዶ ነው፣ ወይም ሌላ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፋይል ነው እያረማችሁ ያላችሁት። ሳይቱ በላራቬል (በአንድ የፒኤችፒ ማዕቀፍ) የተሠራ ከሆነ ደግሞ ኮንፊጉ ካሽ ተደርጎ አሮጌው እየተነበበ ሊሆን ይችላል፤ ካሹን አጽዱ።

«የስ» ካለ መጀመሪያ የስሙን ቅድመ ቅጥያ እዩ። ሲፓነል በአብዛኛው የአካውንቱን ስምና የታች ሰረዝ ከፊት ይጨምራል። ስትፈጥሩ «ሻጭ» ብላችሁ ከጻፋችሁና አካውንቱ «ጫማ» ከሆነ እውነተኛው ዩዘር «ጫማ_ሻጭ» ነው (በላቲን ፊደል፣ እርግጥ)። ኮንፊጉ ላይ «ሻጭ» ብቻ መጻፍ ከማየው ስህተት ሁሉ የበዛው ነው።

ቀጥሎ ፓስወርዱ። ሲፓነል የሚያመነጨው ፓስወርድ ምልክት የበዛበት ነው፤ ምልክቶቹ ደግሞ ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ሌላ ትርጉም አላቸው። በፒኤችፒ ድርብ ጥቅስ ውስጥ የዶላር ምልክትን ፊደል ከተከተለው ተለዋዋጭ መስሎት ያነበዋል፤ ነጠላ ጥቅስ ተጠቀሙ። በላራቬል የኮንፊግ ፋይል፣ በኢኤንቪ፣ ውስጥ ደግሞ ጥቅስ የሌለው ፓስወርድ የሃሽ ምልክት ካለበት ከምልክቱ በኋላ ያለው እንደ ማስታወሻ ተቆጥሮ ይቆረጣል። ፓስወርዱን በቴሌግራም ልካችሁ መልሳችሁ ኮፒ ካደረጋችሁ ደግሞ መጨረሻው ላይ የማይታይ ክፍት ቦታ ፈልጉ። የጠፋውን ፓስወርድ ከሲፓነል ማየት አይቻልም፤ ከዩዘሩ ስም ጎን ቼንጅ ፓስወርድ ብላችሁ አዲስ መስጠት ብቻ ነው። ያንኑ ዩዘር ሌላ ሳይት የሚጠቀምበት ከሆነ ግን አንዱን ስታድኑ ሌላውን ትጥላላችሁ።

1044፦ «አክሰስ ዲናይድ... ቱ ዳታቤዝ»

የኔ የገና ዋዜማ ችግር ይኸው ነው። ከ1045 የሚለየው ዩዘሩም ፓስወርዱም ትክክል መሆናቸው ነው፤ በሩ ተከፍቷል፣ ክፍሉ ግን ተቆልፏል። ዎርድፕረስም አንዳንዴ ዳታቤዙን መምረጥ አልቻልኩም በሚል መልእክት ይህንኑ ይነግራችኋል።

ማይኤስኪዩኤል ዳታቤዝስ በሚለው ገጽ ላይ (በአንዳንዱ ሲፓነል ማኔጅ ማይ ዳታቤዝስ ይባላል) ሦስት የተለያዩ ሥራዎች አሉ፦ ዳታቤዝ መፍጠር፣ ዩዘር መፍጠር፣ ሁለቱን ማገናኘት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአረንጓዴ መልእክት ተሳክቷል ስለሚሉ ሰው ሦስተኛውን ይረሳል። ቤቱን ሠርታችሁ፣ ሠራተኛውን ቀጥራችሁ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ይዛችሁ እንደመሄድ ነው። ገጹን ወደ ታች ውረዱ፤ አድ ዩዘር ቱ ዳታቤዝ የሚል ክፍል አለ። ዩዘሩን ምረጡ፣ ዳታቤዙን ምረጡ፣ አድ በሉ። የፈቃዶቹ ዝርዝር ይመጣል፤ ምልክት አድርጋችሁ ሜክ ቼንጅስ የሚለውን መጫን አትርሱ። ሳይጫኑ ወደ ኋላ የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ለማረጋገጥ የዳታቤዞቹን ሰንጠረዥ እዩ፤ ከዳታቤዙ ስም ትይዩ የዩዘሩ ስም መታየት አለበት።

ታይቶም 1044 ከቀጠለ የዳታቤዙ ስም ኮንፊጉ ላይ ተሳስቷል። ማይኤስኪዩኤል ፈቃድ ለሌለው ሰው «እንዲህ ያለ ዳታቤዝ የለም» አይልም፤ «አትገባም» ነው የሚለው። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደልም ይለያል።

1142፦ ሳይቱ ይከፈታል፣ አንድ ነገር ግን እምቢ ይላል

ሳይቱ ይታያል፣ ትዕዛዝ ግን አይመዘገብም፤ ወይም ፕለጊን ስታሳድሱ በመሃል ይቆማል። ሎጉ ላይ «ኢንሰርት ኮማንድ ዲናይድ» ወይም «ኦልተር ኮማንድ ዲናይድ» ይላል፤ የተከለከለውን ፈቃድ በስሙ ስለሚጠራ ከሁሉም ቀላሉ ይህ ነው። በሰንጠረዡ ላይ የዩዘሩን ስም ስትጫኑ የፈቃዱ ገጽ ይከፈታል፤ የጎደለውን ምልክት አድርጉ።

ዎርድፕረስ ለዕለት ሥራው ሰሌክት፣ ኢንሰርት፣ አፕዴትና ዲሊት ይበቃዋል። ሲታደስና ፕለጊን ሲጫን ግን ክሪኤት፣ ኦልተር፣ ኢንዴክስ፣ አንዳንዴም ድሮፕ ይፈልጋል። አንዳንድ ሰው ለጥንቃቄ ብሎ አራቱን ብቻ ይሰጥና ሦስት ወር ቆይቶ ማሻሻያ ሲመጣ ሳይቱ ይበላሽበታል፤ ያን ጊዜ ምን እንዳደረገ ረስቶታል። የኔ አስተያየት፦ አንድ ዳታቤዝ፣ አንድ ሳይት፣ አንድ ዩዘር ከሆነ ኦል ፕሪቪሌጅስ ስጡት። ፈቃዱ ከዚያ ዳታቤዝ አያልፍም። አደጋው ያለው አንድ ዩዘር ለአምስት ሳይት ሲሰጥ ነው፤ አንዱ ሲሰበር አምስቱም አብረው ይሄዳሉ።

ሒሳብ ሠራተኛው የሽያጭ ሪፖርት ማውጣት ብቻ ከፈለገ ግን የሳይቱን ዩዘር አትስጡት። ሌላ ዩዘር ፍጠሩለትና ሰሌክትና ሾው ቪው ብቻ ምልክት አድርጉ።

ሊያልቅ ነው ብላችሁ ስትጠብቁ የሚቆም ኢምፖርት

ከሌላ ሆስቲንግ የመጣ ፋይል በ1044 ከቆመ ፋይሉን በጽሑፍ ማረሚያ ክፈቱት። መጀመሪያው አካባቢ «ክሪኤት ዳታቤዝ» ወይም «ዩዝ» ብሎ የድሮውን ዳታቤዝ ስም የሚጠራ መስመር ታገኛላችሁ። በሼርድ ሆስቲንግ (ብዙ ደንበኛ አንድ ሰርቨር በሚጋራበት) ዳታቤዝ የሚፈጠረው በሲፓነል በኩል እንጂ በኤስኪዩኤል ትእዛዝ አይደለም። መስመሮቹን አጥፉ፣ አዲሱን ዳታቤዝ በፒኤችፒማይአድሚን ከግራ መርጣችሁ እንደገና ኢምፖርት አድርጉ።

በ1227 ቆሞ «ሱፐር» የሚባል ፈቃድ ከጠየቀ ሆስቲንጉን አትለምኑ፤ አይሰጧችሁም፣ መስጠትም የለባቸውም። ሱፐር የሰርቨሩ ሁሉ ፈቃድ ነው፤ ጎረቤቶቻችሁም እዚያው ሰርቨር ላይ ናቸው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ውስጥ ያለ ቪው (እንደ ቴብል የሚታይ የተቀመጠ ጥያቄ) ወይም ትሪገር (ዳታ ሲቀየር ራሱ የሚነሳ ትእዛዝ) «ዲፋይነር» ብሎ የድሮውን ሰርቨር ዩዘር ስለሚጠራ ነው። ያን ቁራጭ ፈልጋችሁ አጥፉት፤ ባለቤትነቱ ኢምፖርት ለሚያደርገው ዩዘር ይሆናል። የ1449 ኤረርም የዚሁ ዘመድ ነው፦ «አያስፈልግም» ብላችሁ የሰረዛችሁት አሮጌ ዩዘር የአንድ ቪው ባለቤት ነበር። ቪውውን በአዲሱ ዩዘር ስም እንደገና ፍጠሩት።

በክሮን (በተቀጠረለት ሰዓት ራሱ በሚነሳ ሥራ) የሚሠራ ባክአፕ በድንገት ቆሞ «ፕሮሰስ» የሚል ፈቃድ ከጠየቀ ማይኤስኪዩኤል ታድሷል ማለት ነው፤ ከ8.0.21 ጀምሮ ባክአፑን የሚያወጣው ማይኤስኪዩኤልደምፕ ይህን ይፈልጋል። ትእዛዙ ላይ ኖ ቴብልስፔስስ የሚለውን አማራጭ ጨምሩ። ስለ ሎክ ቴብልስ ካጉረመረመ ደግሞ በዩዘሩ የፈቃድ ገጽ ላይ ያን ሳጥን ምልክት አድርጉ።

ከቤት ወይም ከቢሮ ስትገናኙ

ከላይ ያልኩት ሒሳብ ሠራተኛ ከቢሮው በኤክሴል ሲሞክር 1130 ይገጥመዋል፦ «ሆስቱ እንዲገናኝ አልተፈቀደለትም»። ወይም 1045 መጥቶ ከአት ምልክቱ በኋላ «ሎካልሆስት» ሳይሆን የራሱን አይፒ ቁጥር ያያል። ማይኤስኪዩኤል ዩዘርን የሚያውቀው ከነመጣበት ቦታ ነው፤ ከሰርቨሩ ውስጥ የመጣውና ከውጭ የመጣው ስማቸው አንድ ቢሆንም ለእሱ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሲፓነል ላይ ሪሞት ማይኤስኪዩኤል (በአዲሶቹ ሪሞት ዳታቤዝ አክሰስ ይባላል) ውስጥ ገብታችሁ አይፒውን አስገቡ።

ትላንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ ካለ ራውተሩን እዩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ አዲስ አይፒ ይዞ ሊነሳ ይችላል። ሰዎች በዚህ ተማርረው የፐርሰንት ምልክቷን ያስገባሉ፤ እሷ ማለት የዓለም ሕዝብ ሁሉ ይሞክር ማለት ናት። በየቀኑ አይፒ ከመጨመር ሪፖርቱን ሳይቱ ራሱ እያወጣ እንዲልክ ማድረግ ይሻላል። 2003 ሆኖ ብዙ ከቆየ በኋላ ከተቋረጠ ግን ፈቃድ ጋ አልደረሳችሁም፤ ብዙ ጊዜ ፖርት 3306 (ማይኤስኪዩኤል የሚገናኝበት በር) በፋየርዎል ተዘግቷል፣ ይህን በሰርቨሩ በኩል የሚከፍተው ሆስቲንጉ ነው።

የፈቃድ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ

1226 ከሆነ ዩዘሩ ከተፈቀደለት የግንኙነት ብዛት አልፏል፤ ሳጥን ምልክት ማድረግ አይፈታውም። አማርኛው ሁሉ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ከታየም ፈቃዱ ደህና ነው፤ የቴብሉ ወይም የግንኙነቱ ካራክተር ሴት (ፊደላት የሚቀመጡበት ኮድ) ነው የተሳሳተው።

ሁሉም አልሆን ብሎ ለሆስቲንጉ ስትጽፉ «ሳይቴ አልሠራ አለ» ብቻ አትበሉ። የኤረሩን ቁጥር፣ ሙሉውን መስመር ከአት ምልክቱ በኋላ ያለውን ጨምሮ፣ የዳታቤዙንና የዩዘሩን ሙሉ ስም፣ የሆነበትን ሰዓትና ከላይ ያልኩትን የ«ሾው ግራንትስ» መልስ ላኩ። ፓስወርዱን አትላኩ፤ እነሱም አያስፈልጋቸውም።