ድርቆሽ ብጠይቅ እንጀራ አመጡልኝ፦ ጊኒ ፒግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታሳድጉ

ጊኒ ፒጎቹ፣ ትንንሾቹ ፀጉራም የቤት እንስሶቼ፣ ቤቴ የገቡ ሰሞን ጎረቤቴን «ድርቆሽ ከየት ልግዛ?» አልኳት። «ምን መግዛት አስፈለገሽ!» ብላ ከጓዳዋ አንድ ፌስታል ሙሉ የደረቀ እንጀራ ይዛልኝ መጣች። እኔ የፈለግሁት የከብቱን ድርቆሽ ነበር፤ ሳሩን። ስቀን አበቃን። እንጀራውን እኛው ፈርፍረን በላነው።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከጎንደር ለቀው የሚሄዱ አንድ መምህር ናቸው የሰጡኝ፤ ሁለት ሴቶች። ቡናማዋ ቆሎ ትባላለች፣ ፈዘዝ ያለችው ሽሮ። ስማቸው እንዳያሳስታችሁ፦ ጊኒ ፒግ ከጊኒ አልመጣም፣ አሳማም አይደለም። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራሮች ነው። ጭራ የለውም፣ ሳር በል ነው፣ ትልቁ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እናቴ ግን እስካሁን «አይጦችሽ» ነው የምትለኝ። ከ5 እስከ 8 ዓመት ይኖራል። ለልጃችሁ ልትገዙ ካሰባችሁ ልጁ ሲሰለቸው ማን እንደሚያጸዳ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እናንተ ናችሁ።

ወደ ድርቆሹ ልመለስ። ሌትም ቀንም ከፊታቸው መጥፋት የለበትም። ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያድጋል፤ የሚሞርድላቸው ሳር ማኘኩ ነው። ሆዳቸውም ባዶውን መዋል አይችልም። ከሚበሉት ከአምስት እጅ አራቱ ሳር ይሁን። ጎንደር ውስጥ ይሄ አይቸግርም፤ ገጠር ከብት ያለው ዘመድ የሌለው ማን አለ? ጥሩው የሚገኘው ክረምቱ ወጥቶ ሳሩ በታጨደ ሰሞን፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ስትገዙ እፍኝ አውጡና አሽቱት። አረንጓዴነቱ ያልለቀቀ፣ ሲያራግፉት የማይቦን ምረጡ። እኔ ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ድርቆሽ ገዝቼ ጣውላ ላይ አስቀምጣለሁ፤ መሬት ላይ ካደረ በሐምሌ ይሻግታል። የሻገተ አይሰጥም። የጤፍ ጭድ ለምንጣፍ ይሆናል እንጂ ለምግብ አይበቃም።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ግን በድርቆሽ አይደለም። መጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ካሮት እየሰጠሁ «ጥጋብ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ጠዋት ፌስታል ሳንኮሻኩሽ ቆሎ ብቻዋን ጮኸች። ጤነኛ ጊኒ ፒግ የፌስታል ድምፅ ሰምቶ ዝም አይልም፤ ቤቱን ነው የሚያናጋው። ሽሮ ጥግ ይዛ ተኮራምታለች። ፀጉሯ ቆሟል። ሳወጣት የኋላ እግሯን ታነክሳለች፣ ጉልበቷን ስነካው ሲጥ አለች። ሐኪሙ ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ድዷን አሳየኝ፤ ደም ቋጥሯል። «እነዚህኮ እንደኛው ናቸው፤ ቫይታሚን ሲ በሰውነታቸው አይሠሩም» አለኝ። ካሮት ውስጥ ደግሞ ያለው ኢምንት ነው። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ያስፈልጋቸዋል፤ የታመመችና ያረገዘች ወደ ላይኛው ትጠጋለች።

አሁን በየጠዋቱ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ጣት የሚያህል የፈረንጅ ቃሪያ፣ ፍሬው ወጥቶ፣ እሰጣለሁ። የሚያቃጥለውን አይደለም። ከዚያ ትንሽ ሰላጣ፣ በሳምንት አንድ ሁለቴ የጎመን ቅጠል። ጥቅል ጎመን ሆዳቸውን ይነፋዋል። የቫይታሚን ጠብታ ውኃቸው ውስጥ አትጨምሩ፤ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይበላሻል፣ ጣዕሙን ጠልተውም ውኃውን ይተውታል። ሽሮ ሐኪሙ ያዘዘላትን በመርፌ ቀፎ፣ ያለ መርፌው ማለቴ ነው፣ በአፏ ጎን ስትወስድ ቆይታ ዳነች።

ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ናቸው። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይቀምሱም። የጾም ምግብ ሁሉ ይሆናቸዋል ማለት ግን አይደለም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ አቮካዶ አይሰጥም። ዳቦና ቆሎም እንዲሁ። (ስሟን ሳወጣ ይሄን አላሰብኩም።)

ከሽሮ ሕመም በኋላ የተማርኩት ነገር ሚዛን ነው። እነዚህ እንስሳት ሕመማቸውን ይደብቃሉ፤ ዓይን የማያየውን ግራም ያየዋል። ሱቅ ስላለኝ መጀመሪያ በስኳር ሚዛኔ ነበር የምመዝናቸው። አንድ እሑድ ማለዳ አንዲት ደንበኛዬ ደርሳ ቆሎን ሚዛኑ ላይ አየቻት። ስኳሩን ሳትገዛ ወጣች። እውነቷን ነው። በሳምንቱ ለእነሱ ብቻ የሚሆን ትንሽ ሚዛን ገዛሁ። ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጡበት፣ ዜሮ አድርጉት፣ አንድ ቅጠል ጣል አድርጉና እንስሳዋን አስቀምጧት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ደብተር ላይ ጻፉት። በሳምንት 50 ግራም ከቀነሰች ጠጋ ብላችሁ እዩ። ግማሽ ቀን ምንም ካልበላች ወይም ካልተጸዳዳች ግን ሚዛን አትጠብቁ፤ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ያስፈልጋታል።

ሐኪሙን ደግሞ ሳይታመሙ በፊት ፈልጉት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ስለሚያስተምር ከተማችን ሐኪም አያጣም፤ ግን አብዛኛው ሥራው ከበሬ፣ ከበግና ከዶሮ ጋር ነው። ጊኒ ፒግ አክሞ የሚያውቅ እንዳለ ጠይቁ። ሽሮ የታመመች ቀን መጀመሪያ የሄድኩበት መድኃኒት ቤት የልጅ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ሊሰጠኝ ነበር። እንኳን አልወሰድኩት! አሞክሳሲሊንና ሌሎች የፔኒሲሊን ዘሮች በአፍ ሲሰጡ ሆዳቸው ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጨርሱና እንስሳውን ይገድላሉ። ለሰው ልጅ ስለሚሆን ለእነሱም ይሆናል አትበሉ።

ቤታቸው ወለሉ ሰፊ ይሁን፤ ከፍታ አይፈልጉም፣ አይወጡማ። ለሁለት አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ጥሩ ነው። የሽቦ ወለል እግራቸውን ያቆስላል። እኔ አናጢ ዘንድ ከጣውላ አሠራሁት፤ ድመት ስላለች ክዳኑ ወንፊት ነው። ሥሩ ጋዜጣ፣ ላዩ አሮጌ ብርድ ልብስ፤ እርጥቡን በየቀኑ አነሳለሁ። ሰጋቱራ የምትጠቀሙ ከሆነ የጽድ አይሁን፤ ጠረኑ ለሳንባቸው አይስማማም። ቡና ሲፈላ የከሰሉና የዕጣኑ ጢስም እንዲሁ ነውና ከዚያ አርቋቸው። ሁለት የብስኩት ካርቶን፣ እያንዳንዱ ሁለት በር ያለው፣ መደበቂያ ይሆናል። በር አንድ ከሆነ አንዷ ሌላዋን ታግትበታለች። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ሥር አትተዋቸው። ብርዱን በድርቆሽ ተሸፋፍነው ያልፉታል፤ ሙቀት ግን ይገድላቸዋል።

ጊኒ ፒግ ብቻውን አይኖርም። ሁለት ሴት ወይም ሁለት ወንድማማች ይሁኑ፤ ከጥንቸል ጋር አታዳብሉ። ወንድና ሴት ከቀላቀላችሁ በሁለት ወር ገደማ ዓይናቸው የተገለጠ፣ ፀጉር የለበሱ ልጆች ታገኛላችሁ። ደስ ይላሉ። ግን ሴቷ ሰባት ወር አልፏት የመጀመሪያዋን ካረገዘች የዳሌ አጥንቷ አልላቀቅ ብሏት ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ፆታቸውን በሚያውቅ ሰው አስመርምሩ።

ጥፍር በወር አንዴ ይቆረጣል። መታጠብ አያስፈልጋቸውም። ስታነሱ አንድ እጅ ደረት ሥር፣ አንዱ መቀመጫ ሥር፤ ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው ብቻ ይያዙ። ጭርት ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ እጅ መታጠብ አይረሳ።

ከቤት የምትርቁ ከሆነ የሚመግብላችሁን ሰው አሳዩት እንጂ ጽፋችሁ ብቻ አትሂዱ። አምና ለሠርግ ገጠር ስሄድ ለጎረቤቴ ልጅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩላት፦ ድርቆሽ ሙሊ፣ ውኃ ቀይሪ፣ ቃሪያ ሁለት ሁለት ጣት፣ ቆሎ አትስጪ። ማታ ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ ተቆጥቷል።

«ኧረ እትዬ፣ ቆሎን ለማንም አልሰጥም!»