ከመተርኮሻው ጀርባ የቀረው ነጭ፦ የአሮጌ ቮልስ የውስጥ ቀለም እንዴት ይገኛል?

አባቴ የተዉልኝ ቮልስ በቤታችን ሦስት ዓይነት ቀለም አላት። እናቴ «ወተት የመሰለች ነጭ» ትላለች፤ ታላቅ እህቴ ክሬም ናት ብላ ትከራከራለች፤ እኔ ከልጅነቴ የማስታውሳት ደግሞ አመድማ ሆና ነው። ሦስታችንም አልዋሸንም። ውጪዋ ሁለት ጊዜ ተቀብቷል፤ ውስጧ የሃምሳ ዓመት ፀሐይና የአባቴን የኒያላ ጭስ ጠጥቷል። ውስጡን ወደ ፋብሪካ ቀለሙ ልመልሰው ስነሳ፣ ለዚህ ሥራ ትዝታ ምስክር እንደማይሆን ገባኝ።

በእነዚህ መኪኖች የውስጥ ቀለም ቀልድ አይደለም። በፈረንጆቹ የ1960ዎቹ ቮልስ ዳሽቦርድ ከላይ እስከ ታች ላሜራ ነው፤ የተቀባውም የመኪናው አካል በተቀባበት ቀለም ነው። በመስኮቱ ሥር ያለው የበሩ ጠርዝም እንደዚያው። ስለዚህ የሳተ ቀለም ከቀቡ፣ መሪ በያዙ ቁጥር ከአፍንጫዎ ሥር ተቀምጦ ያፈጥብዎታል።

መጀመሪያ ዓመቱን ያጣሩ። የኋላውን መቀመጫ ያንሡ፤ መሐል ለመሐል በሚያልፈው የሻንሲ ጉብታ ላይ የተመታ ቁጥር አለ። በፈረንጆቹ ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓይነቱን፣ ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ይነግሩዎታል። የእኔዋ በ117 ትጀምራለች፤ ስለዚህ የ1967 ሞዴል ናት። ፋብሪካው አዲሱን ሞዴል የሚጀምረው ባለፈው ዓመት ኦገስት ላይ ስለነበረ፣ የተሠራችው በ1966 መጨረሻ ቢሆንም አይደንቅም።

እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የተቀመጠ ወጥመድ አለ። እኔም ወድቄበታለሁ። አንድ የቀለም መደብር ገብቼ «የ1967 ቮልስ ነጭ» ብዬ አዘዝኩ። ሻጩ በእኛ አቆጣጠር ወስዶት ኖሮ፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ይሠራበት የነበረውን ኤል 90 ዲ የተባለውን ነጭ ቀላቀለልኝ። አልፈርድበትም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስና 1967 አንድ ላይ ሲነሡ ብዙ ሰው የሚያስበው መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት በቮልስ የተወሰዱበትን ቀን ነው። የዳሽቦርዱን ግማሽ ቀብቼ ከበሩ ጠርዝ ጋር ሳስተያየው ነው የነቃሁት። ዓመቱን ሲናገሩ «በፈረንጆቹ» የምትለዋን ቃል አይርሱ።

ትክክለኛው የፋብሪካ ቀለም ቁጥር ኤል 282፣ ሎተስ ነጭ የሚባለው ነበር። ቁጥሩ የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት የምትለጠፈው በፊት ኮፈን ውስጥ፣ በስኮርታ ጎማው አካባቢ ነው። የእኔዋ ላይ አንዱ ቀለም ቀቢ ወረቀቷንም አብሮ ቀብቷታል። ቁጥሩ ቢገኝም ግን ሥራው አላለቀም። የዛሬ ቀለም ከያኔው በተለየ ማቅለሚያና ማጣበቂያ ስለሚሠራ፣ ቁጥሩ ወደ ሰፈሩ ያደርስዎታል እንጂ በሩን አያንኳኳልዎትም። በሩ ያለው መኪናዋ ውስጥ ነው።

ፀሐይም ቀቢም ያልደረሰበትን ቦታ ይፈልጉ። እኔ መጀመሪያ የመሬቱን ጎማ ምንጣፍ ገለጥኩና ጥቁር ላሜራ አገኘሁ፤ ለካ ወለሉና ሻንሲው ለብቻቸው ጥቁር ተቀብተው ነው ከአካሉ ጋር በብሎን የሚታሰሩት። ከዚያ የሚወሰድ ናሙና የለም። የሚሻሉት ቦታዎች ከበሩ ልባስ ሥር፣ ከሬዲዮ ቀዳዳው መሸፈኛ ጀርባ፣ የዳሽቦርዱ ኪስ ክዳን ውስጠኛ ፊትና የሲጋራ መተርኮሻው የሚገባበት ጠርዝ ናቸው።

መተርኮሻውን ስስበው አመዱ አሁንም ውስጡ ነበር። ከጀርባው የአውራ ጣት ስፋት ያለው ላሜራ አለ። ላዩ በጭስ ቡኒ ሆኗል። በለብታ ውኃና በሳሙና ዳሰስኩት፤ ቲነር እንዳይነኩት፣ ጭሱን ብቻ ሳይሆን የሚፈልጉትን ቀለም ጭምር ይበላዋል። ቀጥሎ ትንሽ የመኪና ማጽጃ ቅባት በጥጥ ይዤ በቀስታ አሸሁ። የመጀመሪያው ጥጥ ሻይ የመሰለ ቡኒ ይዞ ወጣ። ሁለተኛው ቢጫ። ሦስተኛው እንደ ጠመኔ ነጭ። ጥጡ ነጭ ሲያወጣ ያቁሙ፤ ከዚህ በኋላ የሚያሹት ራሱን ቀለሙን ነው።

አሁን ብዙዎች የሚስቱት ነገር ይመጣል። ፀሐይ ያልነካው ሁሉ የመጀመሪያው ቀለም ነው ብዬ አምን ነበር። ለቀይና ለሰማያዊ ያስኬዳል። የያኔው በሙቀት የሚጋገር፣ ሰው ሠራሽ ሙጫ (ሬዚን) ያለበት ቀለም ግን ብርሃን ሲያጣ በራሱ ጊዜ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ በነጭ ላይ ደግሞ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደግነቱ ብርሃን ሲያገኝ ቢጫው አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። የኪሱን ክዳን ፈትቼ ውስጠኛ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሬ፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍኜ ለሁለት ሳምንት በረንዳ ላይ አሰጣሁት። ካርቶኑን ሳነሣ መሐሉ ላይ መስመር ተሠርቶ ነበር፤ የተሸፈነው ቅቤ፣ የተገለጠው ወተት። እናቴ በዚያች ሰዓት አጠገቤ ብትኖር ኖሮ አንገቴን ባስደፋችኝ ነበር። እንዲመሳሰል የሚፈለገው ከተገለጠው ግማሽ ጋር ነው።

ወደ ቀላቃዩ ፎቶግራፍ ይዘው አይሂዱ፤ ክዳኑን ራሱን ይዘው ይሂዱ። ቀለም የሚያነብ መሣሪያ ያለው መደብር ከሆነ ጠፍጣፋና ንጹሕ ቦታ ላይ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ፣ በተለያየ ነጥብ ያስነብቡት። መሣሪያው የሚሰጠው መነሻ ነው። የመጨረሻውን ያገኘልኝ አንድ ሽማግሌ ቀላቃይ ነው። ከጣሳው በጥፍራቸው ጫፍ ነክተው በቀጥታ በክዳኑ ላይ አንድ ነጠብጣብ አሳረፉ፤ «እርጥቡን አትመነው፣ ሻይህን ጠጥተህ ተመለስ» አሉኝ። ስመለስ ነጠብጣቡ ደርቆ አመድማ ሆኖ ይታይ ነበር። የነጭ መሠረቱ ላይ ቢጫ ኦክሳይድ የተባለውን ማቅለሚያ በእንጨት ጫፍ ጨመሩ። ጥቁሩን ሊጨምሩ ሲሉ እጃቸው ቆም አለ፤ ጥቁር ከበዛ ለመመለስ የሚያስፈልገው ነጭ ጣሳ ሙሉ ነውና። በአምስተኛው ነጠብጣብ ላይ ጠርዙ ጠፋ።

እርስዎም ሲያመሳስሉ በግራጫ ወረቀት ላይ ቀዳዳ በስተው ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበትን ጠርዝ ብቻ ይመልከቱ። ዙሪያ ያለው ቀለም ዓይንን ያታልላል፤ የእኔዋ ቀይ መቀመጫ ነጩን ሁሉ ሮዝ ያስመስለው ነበር። በቀጥታ ፀሐይ፣ በጥላና በማታ አምፖል ሦስቱንም ይዩ። በፀሐይ የተስማማ በአምፖል ሊጣላ ይችላል። ተጣልቶ መምረጥ ግድ ከሆነ፣ መኪናዋ የምትታየው በቀን ነውና ለቀኑ ያድሉ።

ስለ መርጨቱ አጭር ልበል። አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል የብርጭቆ ወረቀቱን በውኃ አርጥበው ይፈግፍጉ እንጂ ደረቁን አቧራ አያቡንኑት። ከሥር ያለው ፕራይመር አንድ ወጥ ይሁን፤ ቀይ አንቲ ረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ላይ በስሱ የተረጨ ነጭ ሞቅ ብሎ ይወጣል። ክሊር የሚባለውን ቀለም አልባ የላይ ሽፋን አይደርቡ፤ የያኔው ቀለም ብርሃኑ ከራሱ ነበር፣ ክሊር ያለበት ዳሽቦርድ መስታወት የተነጠፈበት ይመስላል። ማድረቂያ የሚጨመርበት ቀለም ከመረጡ ደግሞ ማድረቂያው ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት የተባለ ኬሚካል ሳንባን ስለሚጎዳ የአቧራ ጭምብል አይበቃም፤ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀርብለት ማስክ ያለው ሰው ይርጨው። እኔ ለዚያ ነው የመጨረሻውን እጅ ለባለሙያ የተውኩት።

ከመተርኮሻው ጀርባ ያለችውን የአውራ ጣት ስፋት ግን አላስቀባሁም። በማጣበቂያ ወረቀት ሸፍኜ፣ ተረጭቶ ሲደርቅ ላጥኳት። የቀላቃዩን ቀመርም በኪሱ ክዳን ማጠፊያ ሥር በእርሳስ ጽፌዋለሁ፤ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር።