የሩዝ ቅመም እንዴት ይዘጋጃል፦ ለቤትም ለመንገድም

አንድ ጊዜ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ሚጥሚጣ በፌስታል ቋጥሬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። አዋሽ ሳንደርስ ፌስታሉ ተቀደደ። ሳምንቱን ሙሉ ሸሚዝ በለበስኩ ቁጥር አንገቴን ሲለበልበኝ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ቅመም የማዘጋጀውም የምቋጥረውም በሥርዓት ነው።

ዛሬ የማሳያችሁ እኛ ቤት «የሩዝ ቅመም» የምንለውን ነው። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ሐዋሽ ይሉታል። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ከደረሰ ጀምሮ የየመኑም የሕንዱም ነጋዴ ድስቱን ይዞ ነው የመጣው። ስለዚህ የከተማው ሩዝ ከሙን ከሙን ቢል አይግረማችሁ። ሥጋ ላይም ሱጎ ላይም ይገባል።

የሚያስፈልገው ይኼ ነው፦ 4 የሾርባ ማንኪያ ከሙን፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ድንብላል፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈለፈለ ሄል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድ፣ ጣት የምታህል ቀረፋ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ እርድ። ቅርንፉድ ላይ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ከበዛ ምግቡ የጥርስ መድኃኒት ይሸታል።

ግዢው ላይ አትቸኩሉ። ቀፊራ ገበያ ከገባችሁ ከእርዱ በቀር የተፈጨውን እለፉት። ቅመም ከተፈጨበት ሰዓት ጀምሮ ሽታው መትነን ይጀምራል፤ ምን እንደተቀላቀለበትም በዓይን አይለይም። ፍሬውን ግዙ። ደግሞ ከሙንና ነጭ አዝሙድ እንዳይምታቱባችሁ። ከሙን ረዘም ቀጠን ያለ ነው፤ ነጭ አዝሙድ ደቃቅና ክብ ክብ ይላል፣ ሽታውም ወደ ጦስኝ ያደላል። ካልተማመናችሁ ጠይቁ።

«አዴ፣ ላሽተው?» አልኳቸው ባለፈው ለአንዷ ነጋዴ።

«አሽቺው አቦ! ለማሽተት አይከፈልም።»

ትንሽ ቆንጥራችሁ መዳፋችሁ ላይ እሹት። ሽታው ወዲያው ካልመጣ ዓመት የከረመ ነው። አመስግናችሁ እለፉ።

ቤት ስትገቡ ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ ልቀሙት። ድንብላል ውስጥ ጠጠር አይጠፋም፤ ጠጠሩ ደግሞ ጥርስም መፍጫም ይሰብራል። እኔ አላጥበውም፣ አበጥረዋለሁ። ማጠብ ካማራችሁ የድሬ ፀሐይ በአንድ ቀን ድርቅ ታደርግላችኋለች። ሐረር በክረምት ግን ባትሞክሩት ይሻላል።

አሁን ማመስ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ሁሉንም በአንድ መጥበሻ ገልብጦ ያምሳል። ቀረፋው ገና ሳይሞቅ ከሙኑ ያራል። ለየብቻ እመሱ። ደረቅ መጥበሻ፣ ዝቅ ያለ እሳት፣ እጅ የማያቆም ማማሰያ። ድንብላል ሦስት አራት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ጣ ጣ ማለት ሲጀምር ደርሷል። ከሙን ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ መልኩ ጠቆር ሲልና ሽታው ከኩሽና ሲወጣ አውጡት። ቁንዶ በርበሬውን፣ ሄሉን፣ ቅርንፉዱንና ቀረፋውን ሞቅ ሞቅ ማድረግ ይበቃል። እርዱ ከነጭራሹ እሳት አይነካውም። ከእሳት ስታወርዱ መጥበሻው ላይ አትተዉት፣ የመጥበሻው ሙቀት ማመሱን ይቀጥላል። ወዲያው ትሪ ላይ ገልብጡት። ጭስ ካያችሁ ያን ክፍል ጣሉት፤ ምሬቱ ከሌላው ጋር ሲቀላቀል አይጠፋም።

ቀጥሎ ማቀዝቀዝ። ቀላል ይመስላል፣ እኔን ግን አንድ ሙሉ ጠርሙስ ቅመም አስጥሎኛል። ቸኩዬ ትኩሱን ፈጨሁና ከደንኩት። በማግስቱ ክዳኑ ከውስጥ ላብ አውጥቷል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዱቄቱ ተጓጉሎ ምድር ቤት ምድር ቤት መሽተት ጀመረ። እንዲህ ሲሆን ላዩን ገፍፎ የቀረውን መጠቀም የለም። የሻጋታ መርዝ በዓይን አይታይም፣ በማብሰልም አይጠፋም። ስለዚህ ትሪው ላይ በስሱ ዘርግታችሁ፣ እጅ ስትሰዱበት ቀዝቅዞ እስኪጠብቃችሁ ድረስ ተዉት። አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ለመፍጨት ሙቀጫ ካላችሁ ግሩም ነው። የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫም ይሆናል፣ ግን ቀረፋውን አስቀድማችሁ በዘነዘና ሰባብሩት። መፍጫውን እያቆማችሁ አስነሱ፤ ሞተሩ ከጋለ ቅመሙንም ያሞቀዋል። ንፉት፣ የቀረውን መልሳችሁ ፍጩ፣ መጨረሻ ላይ እርዱን ጨምሩ። ከዚያ አንድ እፍኝ ደረቅ ሩዝ ፍጩበትና በጨርቅ ጥረጉት። አለበለዚያ ነገ ለእንግዳ የምታቀርቡት ቡና ወጥ ወጥ ይላል። ደርሶብኛል፣ እንግዳዋ ጨዋ ስለሆነች ዝም ብላ ጠጣች።

ማስቀመጫው ደረቅ ጠርሙስ፣ ቦታው ጨለማ ቁም ሳጥን። ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ለእጅ ይመቻል፣ ለቅመም ግን አይሆንም፤ ሙቀትም እንፋሎትም እዚያ ነው የሚወጣው። ለሁለት ሦስት ወር የሚበቃ ብቻ አዘጋጁ።

ለመንገድ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ያስፈልጋል። ልጡና እንደ ወረቀት ስስ አድርጋችሁ ክተፉት። ወንፊት ላይ አስጡት፣ ስስ ጨርቅ አልብሱት። ማታ ማታ አስገቡት። ድሬ ላይ በሁለት በሦስት ቀን ይደርቃል። መድረቁን የምታውቁት ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። ከታጠፈ ገና ነው። ሲደርቅ ፍጩት።

ከዚያ 4 የሻይ ማንኪያ የሩዝ ቅመም፣ 2 ነጭ ሽንኩርት፣ 2 ጨው፣ 1 ሚጥሚጣ ቀላቅሉ። ጨዉን የምትጨምሩት በምትነሡበት ቀን ነው። ጨው እርጥበት ይስባል፣ ቀድሞ ከገባ ያጓጉለዋል። ክዳኑ በጥምዘዛ በሚዘጋ ትንሽ ዕቃ አድርጉት፤ ዕቃውን ደግሞ በፌስታል ጠቅልሉት። ፌስታል ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ነግሬያችኋለሁ።

ስትጠቀሙ መጀመሪያ ዘይትና ሽንኩርት፣ ከዚያ ለሁለት ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ቅመም፣ ግማሽ ደቂቃ ብቻ አማስሉት። ከዚያ ቲማቲም፣ እንቁላል፣ የጣሳ ቱና ወይም የተቀቀለ ሩዝ፣ ያገኛችሁትን ጨምሩ። ቅመሙ ጨው ስላለበት ሳትቀምሱ ሌላ ጨው እንዳትጨምሩ።